«ስኳር አለሽ?»

ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ናት። እጀታዋ ተሰብሯል። ጠርዟን ትንሹ ልጅ ጥርስ ሲያወጣ አኝኮታል። እናቱ ይህቺን ኩባያ ይዛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የጎረቤት በር ታንኳኳ ነበር። «ስኳር አለሽ?» ትላለች። ይሞላላታል። በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ታወራለች፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ውሃው መጥፋት። ከዚያ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ስኳር ግን ቤቷ ነበር።

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ። ድሬዳዋ ተወልጄ አድጌ እዚሁ ነው የምሠራው። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ባለታሪኳ ፈቅዳልኝ ነው። ስሟን፣ ሰፈሯን፣ የልጆቿን ስም አልጠቅስም። ሰው ሊለያት የሚችልባቸውን ነገሮችም ሆን ብዬ ትቻለሁ።

መጀመሪያ ስንገናኝ የጠየቅኳት ጥያቄ እስካሁን ይቆጨኛል። «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ቅንድቧ ላይ ያለው ስፌት ገና አልደረቀም።

«ዝም አላልኩም» አለችኝ። «ስኳር ስጠይቅ ነበር።»

ያኔ 27 ዓመቷ ነው። የሐረር ልጅ ናት፤ ድሬ የመጣችው ተድራ ነው። ባሏ ባጃጅ ይነዳል። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ዘመድ አዝማድ በልቶ ጠጥቶ ነው የተጋቡት። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ግን አልፈረሙም። ሁለት ልጅ ሲወለድም ወረቀቱን ያሰበው የለም። ይህቺ ወረቀት ኋላ ላይ ትልቅ ነገር ሆናለች።

ቤታቸው ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያለች አንድ የኪራይ ክፍል ናት። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፤ በጋው ሲከር ሰው በርና መስኮቱን ከፍቶ ያድራል። ፍራሽ አውጥቶ ደጅ የሚተኛም ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ግቢ ሕፃን ሲያስል ይሰማል። ጥፊም ይሰማል። ሰባት ቤተሰብ ይሰማ ነበር። ሲነጋ ሁሉም «እንዴት አደርሽ?» ይላታል። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች።

ጥቃቱ በእጅ አልተጀመረም። በገንዘብ ነው የተጀመረው። እሷ ከሰዓት በኋላ ከሰል አቀጣጥላ መንገድ ዳር ሳምቡሳና ባጊያ ትጠብሳለች። ድሬ ላይ ባጊያ ገበያ አያጣም። ከዚያች ሽያጭ እቁብ ትጥላለች። ባጃጇ ስትገዛ የቅድሚያ ክፍያው የወጣው ከእሷ እቁብ ነው። ሊብሬው የወጣው በእሱ ስም ነው። ባጃጇ ከመጣች በኋላ የማታ ሽያጩን እሱ ይቆጥር ጀመር። ቀጥሎ ስልኳን ማየት መጣ። ቀጥሎ «ከማን ጋር ነው የምትስቂው?» መጣ። የመጀመሪያው ጥፊ የመጣው ሁለተኛውን ልጅ ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። በማግስቱ አለቀሰ። እግሯ ላይ ወደቀ። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ለስልሶ ነበር። ያንን ለቅሶ አምናው ነበር፤ እሱም ያን ቀን እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ለቅሶው ድጋሚ ከመምታት አላገደውም።

ጎረቤቶቹ «ጫቱ ነው» ይላሉ። እኔ አልቀበልም። ጫት የሚቅም ሁሉ አይማታም፤ ይህ ሰውም ሳይቅም በጠራራ ፀሐይ መትቷታል። ደግሞም ባጃጅ መቆሚያው ላይ ሲሰድቡት ማንንም አይማታም። እጁ የሚነሳው ቤቱ ሲገባ ብቻ ነው። ሰውን መምረጥ የሚችል እጅ ራሱን መግዛት ይችላል።

እንግዲህ ይህቺ ሴት እርዳታ ስትፈልግ የሄደችበትን መንገድ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ኩባያዋ። ማታ ባጃጇ ስትገባ የሞተሩን ድምፅ ታዳምጣለች። በቀስታ ከገባች ደህና ነው። ኃይል ተሰጥቷት፣ በድንገት ከቆመች ግን ልጆቹን ጫማ ታደርግላቸዋለች። እሷ ኩባያዋን ታነሳለች። ስኳሩ ምክንያት ነው። ዋናው አምስት ደቂቃው ነው፤ በዚያች አምስት ደቂቃ እሱ በረድ ሊል ይችላል፣ ወይ ጎረቤቲቱ ፊቷን አይታ አንድ ነገር ልትል ትችላለች። ለሁለት ዓመት ማንም ምንም አላላትም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። «የባልና የሚስት ገመና ነው» ብለው ነው። ነገ ይታረቃሉ፣ እኛ ጠላት ሆነን እንቀራለን ብለው ነው።

ከዚያ እናቷ ጋ ሄደች። ሁለቱን ልጆች ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ስትወጣ ትልቁ ልጅ አስመለሰው፤ በነጠላዋ ጠረገችው። እናቷ ያበጠ ጉንጯን አየች። አለቀሰች። ሦስት ቀን ቅቤ እየቀባች አስታመመቻት። በአራተኛው ቀን ግን ራሷ ይዛት ወደ ድሬ ወረደች። «እኔም ችዬ ነው ያሳደግኩሽ» አለቻት። እኚህን እናት አግኝቻቸዋለሁ፤ ልፈርድባቸው አልችልም። አንድ ክፍል ቤት አላቸው። ልጃቸውን ሲመልሱ ልጅ ከነአባቱ ይደግ ብለው ነው። ያወቁት መፍትሔ መቻል ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ሽማግሌ ተቀመጠ። ንስሐ አባታቸው አሉ፣ የባልየው አጎት አሉ፣ አንድ የተከበሩ የሰፈር አባት አሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አጥፍተሽ ነው?» የሚል ነበር። ወጥ ዘግይቶባት እንደነበር ተናገረች። ሌላ ምን ትበል? እሱ ሁለተኛ እጁን እንደማያነሳ ማለ፤ ፈረመ። ካነሳ ገንዘብ ሊቀጣ ተጻፈ። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ሰላም ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ያው ሆነ። ቅጣቱን የጠየቀ ሽማግሌ የለም። እሷም አልጠየቀችም፤ ለመጠየቅ እንደገና መቀመጥ፣ እንደገና «ምን አጥፍተሽ ነው?» መባል አለ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉና ትዳር ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው ወይም ከቀድሞ ባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። 66 በመቶው ለማንም አልተናገሩም። ከጠየቁት መካከል አብዛኞቹ የሄዱት ጎረቤትና የራሳቸው ቤተሰብ ጋ ነው። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። ይህን ቁጥር ሳይ እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል። የሴቶቹ ቁጥር የበለጠው ዱላ ወደው ነው ብዬ አላምንም። ማምለጫ የሌለውን ነገር ልክ ነው ብሎ መቀበል ማደሪያ ይሆናል።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ባለታሪኳ በዚያ ጥናት ብትጠየቅ ኖሮ ከየትኛው ትቆጠር ነበር? ኩባያ ይዞ ማንኳኳት እርዳታ መጠየቅ ነው? እኔ ነው እላለሁ። አብዛኛው የእርዳታ ጥያቄ እንደ ጥያቄ አይመስልም። «ዛሬ ልጆቹ እናንተ ጋ ይደሩ፣ ቤቱ ሞቀ» ይመስላል። «ስልክሽን አንዴ» ይመስላል። ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ «ራሴን አመመኝ» ብሎ መምጣት ይመስላል።

ከሽማግሌው በኋላ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። መሄዷ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከቤቷ እስከዚያ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ልትመለስ ነበር። ቃሏን ተቀበሏት። ከዚያ መጥሪያ ጻፉና ለእሷው ሰጧት። ለባልሽ ስጪው ተባለች። አስቡት። ማታ በባጃጅ ድምፅ የምትንቀጠቀጥ ሴት፣ «ከስሼሃለሁና ና» የሚል ወረቀት በራሷ እጅ ልትሰጠው! ወረቀቱን አራት አጥፋ የዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተተችው። እሱ ዱቄት አይነካም። ቀኑ አለፈ። ጣቢያውም አልፈለጋት። ይህ በእሷ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በሥራዬ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መጥሪያ ማድረስ የፖሊስ ሥራ ነው።

ከዚያች ቀን በኋላ አንድ ዓመት ያህል የትም አልሄደችም። ውጪ ሆኖ ለሚያይ ተስፋ የቆረጠች ትመስላለች። እሷ ግን በዚያ ዓመት ብዙ ሠርታለች። የግቢው ትልቅ ሴት የኦሮሞ እናት ናቸው፤ ሁሉም «አዴ» ነው የሚላቸው። አንድ ማታ ኩባያዋን ተቀበሏትና ስኳር ሳይሞሉ ያዝ አደረጓት። «ስኳር ትናንትም ወስደሻል» አሏት። «ግቢ፣ ቁጭ በይ።» ሌላ ምንም አላሉም። ምክርም አልሰጡም። እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጎረቤት ተናገረች፤ እሳቸው ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ኩባያዋ ምልክት ሆነች። ትልቁ ልጅ ኩባያዋን ይዞ ከመጣ አዴ ጀበናቸውን ያነሳሉ። ሁለት ሦስት ሴቶች ይጠራሉ። ረከቦቱን፣ ሲኒውን፣ እጣኑን ይዘው ቤቷ ይገባሉ። «ቡና ልንጠጣ መጣን» ይላሉ። እሱ እንግዳ ፊት እጁን አያነሳም። ሦስተኛው ሲኒ እስኪጠጣ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ እስከ አምስት ሰዓት ሌሊት። እነዚህ ሴቶች ሥልጠና የሚባል አልወሰዱም። እኔ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያ ቡና የነካኝ የለም።

በዚያው ዓመት በአዴ ስም ሌላ እቁብ ገባች። በቀን የምትጥለው የሁለት ሦስት ሳምቡሳ ዋጋ ነው። የመታወቂያዋን ኮፒ፣ የልጆቹን የክትባት ካርድ፣ መጥሪያውን፣ ሁለት ቅያሪ የልጅ ልብስ በፌስታል አዴ ቤት አስቀመጠች። ይህ ሁሉ ሲሆን ማታ ራት ታቀርብለታለች፤ ትስቅለታለች። መሳቋ የተስማማች አስመስሏታል። ልጆቹ ተኝተው እንዲያድሩ ነበር የምትስቀው።

ቅንድቧ የተተረተረው በአንድ እሁድ ከሰዓት ነው። አዴ አልነበሩም፤ ለቅሶ ሄደዋል። ጤና ጣቢያ ባሏ ራሱ ነው በባጃጇ ያደረሳት። «ደረጃ ላይ ወደቀች» አለ። ቤታቸው ደረጃ የለውም። ቀደም ብላ በሌላ ቀን ስትሄድ እሱ አጠገቧ ቆሞ «ማን መታሽ?» ተብላ ተጠይቃ «ወደቅኩ» ብላ ነበር። ያን ቀን ተረኛዋ ነርስ ግን ሌላ ነገር አደረገች። «መርፌ የለንም፣ ከውጪ ግዛልኝ» ብላ ማዘዣ ጽፋ ላከችው። በሩን ዘጋች። «እኔና አንቺ ብቻ ነን» አለቻት። «ቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው አለ?» እሱ ፋርማሲ ደርሶ እስኪመለስ ሃያ ደቂቃ ነበራቸው። ስፌቱ አራት ነው።

ለዚያች ነርስ የነገረቻት ዱላውን ብቻ አይደለም። ሌሊት ሳትፈልግ የሚሆነውንም ነገረቻት። ያንን ለአዴም አልተናገረችም። እዚህ ላይ ሕጋችን ጎዶሎ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጪ» ይላል። ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚያ አንቀጽ አይከሰስም። ይህ እስኪለወጥ ድረስ ሴቶች ይህን ጉዳት ስም ሳያወጡለት ይዘውት ይኖራሉ።

ዱላው ግን በሕግ ስም አለው። በ1997 በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን ወንጀል ይለዋል። ነርሷ ጉዳቱን ቦታውን፣ ርዝመቱን፣ የስፌቱን ብዛት ለይታ ካርዱ ላይ ጻፈች። ከዚያ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ አሳየቻት፤ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዓቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ የሚገኙበት አገልግሎት አለ። ከእኔ ጋር የተገናኘነውም ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያለችኝ «እንዲታሰር አልፈልግም። መማታቱን እንዲያቆም ነው የምፈልገው» ነበር። ሁለተኛው «ወረቀት የለኝም። ቤቱን ለቀሽ ትወጫለሽ ብሎኛል» የሚል ነው። ይህን አምና ነው አራት ዓመት የቆየችው።

ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ አንዲት ጠበቃ አገኘንላት። ጠበቃዋ ያብራሩላት ነገር ሕይወቷን ለወጠው ብል አላጋነንኩም። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። በባህል የተፈጸመ ጋብቻም ጋብቻ ነው። የምስክር ወረቀት ከሌለ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን በምስክር ማስረዳት ይቻላል፤ አራት ሰው ይበቃል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ስለወጣ ብቻ የዚያ ሰው አይሆንም፤ ሲፋቱ እኩል ይካፈላሉ። ባጃጇም እንዲሁ። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ነገሩ እስኪያልቅ ከቤት ማን ይውጣ የሚለውን መወሰን ይችላል። ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና መውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያያል። ልጆቿን ይዛ መንገድ ላይ የምትወድቀው እሷ መሆን የለባትም።

እዚህ ከተማ ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር ስላለ አንድ ቃል ልጨምር። ሙስሊም የሆነች እህት ጉዳይዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ሁለቱም ወገን ሲስማሙ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ተቀምጧል። ወደዚያ መሄድ መብቷ ነው፤ መገደድ ግን የለባትም።

አራቱ ምስክሮች እነማን ሆኑ? አዴ አንዷ ናቸው። ሌሊት ቡና ይጠጡ ከነበሩት አንዷ ሌላዋ። ሦስተኛዋ እኚያ እናቷ ናቸው፤ ከሐረር ወርደው መጡ። አራተኛው ያስታረቋቸው የሰፈር አባት ናቸው። እሳቸው ባልየው የፈረመበትን የእርቅ ወረቀት ይዘው ነው የመጡት። እጁን አንስቶ እንደነበር የሚያሳይ የእሱ ፊርማ ያለበት ጽሑፍ! ስለ ሽምግልና ያለኝን ቅሬታ አልደበቅኩም። ያን ቀን ግን ሽማግሌው ደጅ ላይ «ያኔ ጥያቄውን ለእሱ ነበር መጠየቅ የነበረብን» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ከአቤቱታው በኋላ ያሉት ሳምንታት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። ሴት ልትለይ ስትነሳ አደጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ፍርድ ቤትም እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ከቤት እንዲወጣ የሚለው ትእዛዝ በዚያ መሃል ነው ያዳናት። የበሩ ቁልፍ ተቀየረ። ግቢው ተራ ገባ፤ ማታ ማታ አንድ ሰው በሯ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል። ሙቀት ነው በሚል ምክንያት።

ፍቺው ተወሰነ። ባጃጇ ተሸጣ ገንዘቡ ተከፈለ። በወንጀሉ ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱ በገደብ ሆነ። እሷ በዚህ አላዘነችም። እኔ ትንሽ አዝኛለሁ። ለልጆቹ የተቆረጠው ቀለብ አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር አይመጣም። ሳምቡሳውን ቀጥላለች፤ አሁን የራሷ ጠረጴዛና ጥላ አላት። ድሬ ባጃጅ የሞላባት ከተማ ናት። በድንገት የሚቆም ሞተር ስትሰማ አሁንም እጇ ጭልፋው ላይ ይደርቃል።

ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ትልቁ ልጅ ማንበብ ለምዷል። ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የዘይት ጀሪካን፣ የሳሙና ልጣጭ። ፌስታሉ ከአዴ ቤት ተመልሶ ነበርና መጥሪያውንም አግኝቶታል። «እማ፣ ተከሳሽ ማለት ምንድን ነው?» አላት። ከቃሉ ቀጥሎ የአባቱ ስም አለ።

ቀስ ብላ ተቀበለችው። አጠፈችውና ለአዴ መልሳ ሰጠቻቸው። አዴ በኩባያዋ ውስጥ አድርገው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት።